መቄዶንያዎች፣ እግዜር ይስጥልን

ይህን የምጽፈው የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል የሆነውን መቄዶንያን ለማመስገን ነው። ደግሞም ሰፈራችሁ ውስጥ ጎዳና ላይ የወደቀ ሰው እያያችሁ ምን ላድርግ ብላችሁ ለተጨነቃችሁ ለመጠቆም።

እኛ ሰፈር፣ ገርጂ፣ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ የሚያድሩ አንዲት እናት ነበሩ። ስማቸውን እዚህ አልጠራም፤ እማማ እንላቸዋለን። ሰፈርተኛው አልጨከነባቸውም። ቁርስ የሚያመጣላቸው አለ፣ ብርድ ልብስ የሰጣቸው አለ፣ ባለሱቆቹም ሻይ አያስቀሩባቸውም ነበር። ግን ክረምቱ ሲገባ እግራቸው ቆስሎ መነሳት አቃታቸው፣ ሌሊት ዝናቡ ያርፍባቸዋል፣ እና የእኛ እንጀራና ሻይ የትም እንደማያደርሳቸው ሁላችንም ገባን። የእድራችን ጸሐፊ መቄዶንያ ደወሉ።

አንድ ወጣትና አንዲት እህት መኪና ይዘው መጡ። እማማ ግን አልሄድም አሉ። ፌስታሎቻቸውን የነካ ሰው ካለ ይጮሃሉ። ውስጡ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ የደረቀ ዳቦና ባዶ ሃይላንድ ነው። እኛ «ይሄን ቆሻሻ ጣሉትና አንሷቸው» እያልን ነበር። ልጁ አልሰማንም። እርጥቡ መሬት ላይ አጠገባቸው ቁጭ አለና «እማዬ፣ ዕቃዎት አብሮን ይሄዳል። እርስዎ ይቁጠሩልኝ፣ እኔ እሸከማለሁ» አላቸው። አንድ በአንድ ቆጠሩለት። አንዷንም ሳይጥል መኪናው ላይ ጫነ። ከዚያ እጃቸውን ሰጡት።

በኋላ አያት ሰፈር፣ ማዕከሉ ድረስ ሄደን እማማን ጠየቅናቸው። ታጥበዋል፣ ጸጉራቸው ተስተካክሏል፣ ጥፍራቸው ተቆርጧል፣ ቁስላቸው በንጹህ ፋሻ ታስሯል። ፌስታሎቹስ ብዬ ልጁን ጠየቅኩት። «አልጋቸው ስር ናቸው፤ ራሳቸው ይበቃኛል እስኪሉ አንነካም» አለኝ። በእኔ እምነት ከአልጋውም ከምግቡም በላይ የሚያስመሰግናቸው ይሄ ትዕግስታቸው ነው። ወንድሜ፣ እናትህን ያቆይልህ። እናት ከሌለችህም እማማ ውለታህን አይረሱም።

ለማታውቁት፣ መቄዶንያን የክብር ዶክተር ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም በወላጆቹ ቤት ጀመረው። ዛሬ ከጎዳና የተነሱ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን በሺዎች የሚቆጠሩ ሆነው እዚያ ይኖራሉ። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የምትለዋን አባባላቸውን ሁላችንም ሰምተናታል፤ እኔ ግን በተግባር ያየኋት እዚያች በረንዳ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጥቆማው። የወደቀ ሰው ስታዩ ታክሲ ላይ ጭናችሁ ግቢው በር ላይ አታውርዱ። አስቀድማችሁ ደውሉ፣ ሰውየው ያለበትን ሁኔታ በደንብ አስረዱ፣ ቦታ ሞልቶ ጠብቁ ቢሏችሁም ተስፋ አትቁረጡ። እስከዚያው ሰውየውን ከዝናብ አስጠልሉ፣ የታመመ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ገንዘብ የሌላችሁም አትቅሩ። እዚያ አልጋ ላይ ያሉት ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ የአዋቂ ዳይፐር በየቀኑ ያልቃል፣ ሳሙናም ያልቃል፣ አንሶላም እንደዚያው። ጉልበት ያለው ልብስ ያጥባል፣ ጸጉር መቁረጥ የሚችል ጸጉር ይቆርጣል። ልደትና ሰርጋቸውን፣ ተዝካራቸውንም ሳይቀር እዚያ ወስደው ከነሱ ጋር የሚበሉ ሰዎች አሉ፣ ደስ የሚል ነገር ነው። ባዶ እጁን የሄደም ቁጭ ብሎ ያጫውታቸው፤ እማማ እኛን ሲያዩ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ሰፈሩ ሰው ነው፣ ማን ወለደ፣ ማን ታመመ፣ የባለሱቁ ልጅ ፈተናውን አለፈ ወይ።

እድራችን በሚቀጥለው እሁድ ዳይፐርና ሳሙና ይዞ ይሄዳል። ከገርጂና ከአካባቢው አብራችሁን መምጣት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ መኪና ያለው ቢገኝ ደግሞ ዕቃውን ለመጫን በጣም ይጠቅመናል።