«120++»፦ በአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ለእንግዳ ሆቴል የምትይዙ ተጠንቀቁ

በአንድ አስመጪ ድርጅት የአስተዳደር ሠራተኛ ነኝ። ከውጭ እንግዳ ሲመጣ ሆቴል የምይዘው፣ ሹፌር የምልከው፣ ደረሰኝ ሰብስቤ ለሒሳብ ክፍል የማስረክበው እኔ ነኝ። በዚህ ሥራ ላይ ዘጠኝ ዓመት ቆይቻለሁ። እንደዚያም ሆኖ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ለሦስት እንግዶች የአምስት ሌሊት ማረፊያ ስይዝ የተቀበልኩት «ጥቅል» ድርጅቱን ያልታሰበ ወጪ ውስጥ ከተተው። ከገንዘቡ ይልቅ ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ ግን አንድ አዛውንት መሐንዲስ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ሻንጣቸውን ተደግፈው ሲያንቀላፉ ማየቴ ነው። በመኪና ውስጥ «አሁን ደርሰን ያርፋሉ» እያልኩ ያመጣኋቸው እኔ ነበርኩ።

ጥቅሉን የሸጠልኝን ደላላም ሆነ የሆቴሉን ስም አልጠራም። ነገር ግን ተመሳሳይ ሰነድ የደረሳቸው ሌሎች የሥራ ባልደረቦች ስላጋጠሙኝ፣ አሠራሩን ከነዝርዝሩ ማስቀመጥ ግዴታዬ ነው ብዬ አምናለሁ።

የነገሩ መነሻ ወቅቱ ነው። የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ በየዓመቱ በየካቲት አካባቢ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። በ2017 ዓ.ም. ሚኒስትሮቹ የካቲት 5 እና 6፣ መሪዎቹ ደግሞ የካቲት 8 እና 9 ተሰብስበዋል። በዚያ ሳምንት ከየአገሩ ልዑክ ጋር ጠባቂው፣ ጋዜጠኛው፣ አስተርጓሚውና ፕሮቶኮሉ አብሮ ይመጣል፤ ኤምባሲዎች ክፍሎችን አስቀድመው ይይዛሉ። የእኛ እንግዶች ከኢስታንቡል የሚመጡ የማሸጊያ ማሽን ተካዮች ነበሩ። ማሽኑ ቃሊቲ መጋዘን ደርሶ ይጠብቃል፣ እነርሱም ከዚያ ሳምንት በቀር ጊዜ የላቸውም። አራት ሆቴሎች ደወልኩ። ሦስቱ ሞልተዋል፤ አራተኛው የነገረኝ ዋጋ ከለመድኩት እጥፍ በላይ ነበር።

በማግስቱ ስልኬ ጠራ፤ ደላላው ነበር። «የጉዞ ወኪል ነኝ፣ ክፍል እየፈለጉ እንደሆነ ሰምቼ ነው» አለኝ። ከማን እንደ ሰማ አልጠየቅኩትም። መጠየቅ ነበረብኝ። ቦሌ መንገድ ላይ ባለ አራት ኮከብ ሆቴል፣ ቁርስ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ መቀበልና ለግማሽ ቀን አነስተኛ የስብሰባ አዳራሽ፣ ይህ ሁሉ ለአንድ ክፍል በሌሊት 120 ዶላር። ቅድመ ሁኔታው፦ ሙሉ ክፍያው ዛሬ፣ ተመላሽ የለውም። «እስከ ማታ ካልከፈላችሁ ለሌላ ይሄዳል» የምትለዋን ሐረግ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ደገመልኝ።

ፕሮፎርማው፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ ሰነዱ፣ መጣ። ማኅተም አለው፣ የሆቴሉ ፎቶግራፍ አለው፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ ደግሞ ሁለት ትንንሽ የመደመር ምልክቶች አሉ፦ 120++። የኅትመት ስህተት መስሎኝ አለፍኩት።

የመጀመሪያው ምልክት የአገልግሎት ክፍያ ነው፣ 10 በመቶ። ሁለተኛው ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው፣ 15 በመቶ፤ ታክሱ የሚሰላው ደግሞ የአገልግሎት ክፍያው ከተደመረ በኋላ ነው። ስለዚህ 120 ዶላር መጀመሪያ 132 ይሆናል፣ ከዚያ 151 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይሆናል። ብዙ ሰው 10 እና 15 ደምሮ 25 በመቶ ይላል፤ ትክክለኛው ጭማሪ 26.5 በመቶ ነው። ለሦስት ክፍል ለአምስት ሌሊት 1,800 ዶላር ብዬ በጀት ያስፈቀድኩት 2,277 ሆነ። የ477 ዶላር ልዩነት በሁለት ምልክቶች ውስጥ ተሸሽጎ ነበር። ሕጋዊ ክፍያዎች ናቸው፣ በክፍያዎቹ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ «ሁሉንም ያካተተ ጥቅል» ተብሎ በስልክ የተነገረኝ ዋጋ ወረቀቱ ላይ ሌላ መሆኑ ነው።

ቀጥሎ የምንዛሪው ጉዳይ አለ። ዋጋው በዶላር ተጽፎ እኛ የምንከፍለው በብር ነበር፤ ፕሮፎርማው የሚለው «በዕለቱ ምንዛሪ» ብቻ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የባንኮች ዋጋ ከአንዱ ወደ ሌላው፣ ከዛሬ እስከ ነገ ይለያያል። ደላላው ያሰላበትን ቁጥር በዚያ ቀን በየትኛውም ባንክ ሰሌዳ ላይ አላገኘሁትም፤ ከሁሉም ከፍ ያለ ነበር። የየትኛው ባንክ፣ የመግዣ ወይስ የመሸጫ፣ የክፍያው ቀን ወይስ የመግቢያው ቀን የሚለው ካልተጻፈ፣ በእጃችሁ ያለው ገና ያልተቆረጠ ዋጋ ነው።

ገንዘቡን ያስገባነው በአንድ ግለሰብ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ነው። «የድርጅቱ ሒሳብ እየታደሰ ነው» አለኝ፤ አመንኩት።

አሁን ወደዚያች ሌሊት ልመለስ። የእንግዶቹ ቲኬት ማክሰኞ 00፡45 ይላል። በእኛ አቆጣጠር ይህ ሰኞ ሌሊት፣ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ45 ነው። እኔ ለደላላው የነገርኩት «ማክሰኞ ሌሊት ይገባሉ» ብዬ ነበር፤ እርሱ ማክሰኞ ብሎ ያዘው፤ ሆቴሉም ማክሰኞ ብሎ መዘገበው። የሆቴል ማክሰኞ ግን የሚጀምረው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። እኛ የደረስነው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ቁጥሩ አንድ፣ ልዩነቱ አሥራ ሁለት ሰዓት።

እንግዳ ተቀባይዋ ትሑት ልጅ ነበረች። የኮምፒውተሯን መስታወት ወደ እኔ አዙራ በጣቷ እያሳየች «ይቅርታ እህቴ፣ የሰኞ ሌሊት አልተያዘም፤ ለመግባት የአንድ ሌሊት ሙሉ ክፍያ ይጠየቃል» አለችኝ። ከዚያ ጣቷ ሦስተኛው ስም ላይ ሲደርስ ቆመ። ሁለቱ ስሞች ትይዩ «ተረጋግጧል» ይላል፤ ከአዛውንቱ ስም ትይዩ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ሆቴሉ የተቀበለው የሁለት ክፍል ክፍያ ብቻ ነበር። የሦስተኛውን ገንዘብ ደላላው ይዞት ቀርቷል፤ ክፍሉም ለልዑካን ተሰጥቷል። ለደላላው ደወልኩ። ስልኩ ተዘግቷል። አዛውንቱ ንግግራችንን ባይሰሙትም ፊቴን አይተው ነገሩ ገብቷቸው ነበር፤ «ችግር የለም» በሚል አኳኋን እጃቸውን አወዛወዙልኝና ሻንጣቸው ላይ ተቀመጡ። እንግዳ ተቀባይዋ ሳትጠየቅ ሻይ አመጣችላቸው።

በማግስቱ ደላላው ብቅ ብሎ አዛውንቱን «እህት ሆቴል» ወዳለው ቦታ አዛወራቸው። አዲስ በሚገነባ ሕንፃ ጀርባ ያለ ማረፊያ ቤት ነበር። አሳንሰር የለውም፤ ክፍሉ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጄኔሬተር አለው፣ የሚያበራው ግን የመተላለፊያውን መብራት ብቻ ነው። ረቡዕ ማታ ላያቸው ስሄድ መብራት ጠፍቶ የማሽኑን ንድፍ አልጋው ላይ ዘርግተው፣ ስልካቸውን በጥርሳቸው ይዘው በዚያ ብርሃን ይለኩ ነበር። ይህንን ለአለቃዬ ስነግረው ድምፄ ተቆራረጠ።

ስለ ኮከብም አንድ ነገር ልበል። በ2007 ዓ.ም. ከተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ጋር በመተባበር በአገራችን የሆቴሎች ደረጃ ምደባ ተደርጓል። ደረጃ የተሰጠው ሆቴል የምስክር ወረቀት አለው፤ ሲጠየቅም ያሳያል። ማስታወቂያ ላይ የተሳለ ኮከብ ግን የማንም ሊሆን ይችላል። የቆየ ፎቶግራፍንም አትመኑ። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ፈርሰው መልካቸው የተቀየረ ሰፈሮች ናቸው፤ ፎቶው ላይ ጸጥ ያለ መንገድ የሚታይበት መስኮት ዛሬ የሚያየው ቁፋሮ ሊሆን ይችላል። ሰው ልካችሁ ሆቴሉን አስዩ፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የስብሰባ አዳራሹ በእርግጥ ተሰጠን፤ ለሻይና ቡና በነፍስ ወከፍ የግዴታ ክፍያ አለው። በነጻ የተባለው መኪናም ለሌሊት ተጨማሪ ጠየቀ።

መንገዱን ደግሞ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም ራሴ አላሰብኩበትም። በጉባኤው ቀናት ፖሊስ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በመስቀል አደባባይ አድርጎ ወደ ኅብረቱ ጽሕፈት ቤት የሚወስዱ መንገዶችን መሪዎች ሲያልፉ ይዘጋል፤ ዝርዝሩንም አስቀድሞ ያስታውቃል። ቦሌ መንገድ ላይ ማረፍ በሌላ ጊዜ ምቾት ነው። በዚያ ሳምንት ግን ሥራው ቃሊቲ ለሆነ ሰው ጠዋቱን መኪና ውስጥ ማሳለፍ ነው። አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ቆመን፣ የቀጠርናቸው የኤሌክትሪክ ሠራተኞች መጋዘን በር ላይ ጠብቀው ተመለሱ። ሥራችሁ ቃሊቲ ወይም ገላን ከሆነ በዚያው አቅጣጫ ያለ ንጹሕ ሆቴል፣ ኮከቡ ቢያንስም ይሻላል ባይ ነኝ።

የመጨረሻው ጣጣ ደረሰኝ ነው። ደላላው የሰጠኝ በእጅ የተጻፈ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሌለው ወረቀት ነበር። ሆቴሉን የማሽን ደረሰኝ ብጠይቀው፣ ትክክለኛ ነገር ነው የነገረኝ፦ «ገንዘቡን የከፈለን እርሱ ስለሆነ የቆረጥነው በእርሱ ስም ነው።» ሒሳብ ክፍል ያሉት ወይዘሮ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ይህ ወረቀት ነው እንጂ ደረሰኝ አይደለም» ብለው መለሱልኝ። ለግብር የማይያዝ ወጪ ማለት ድርጅቱ ሁለተኛ ጊዜ ከሰረ ማለት ነው።

አሁን የምሠራበትን መንገድ ልንገራችሁ። ዋጋ ያቀረበልኝ ማንም ይሁን ማን፣ የሆቴሉን ስልክ ራሴ ፈልጌ ወደ ክፍል ማስያዣው እደውላለሁ፤ የእንግዶቹን ስም ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንደ ተጻፈው ተናግሬ ለእያንዳንዱ የማረጋገጫ ቁጥር እጠይቃለሁ። አንድ ስም ከጎደለ ብር አላስገባም። ዋጋው «የአገልግሎት ክፍያና ተጨማሪ እሴት ታክስ ተካቶ» ተብሎ በፊደል እንዲጻፍ አደርጋለሁ፤ በምልክት አልቀበልም። ክፍያው የሚገባው በሆቴሉ የንግድ ስም ወደ ተከፈተ ሒሳብ ብቻ ነው፤ እርሱም የመጀመሪያው ሌሊት ቀብድ እንጂ ሙሉው አይደለም። እስከ ስንት ቀን ድረስ ብንሰርዝ ቀብዱ ይመለሳል የሚለውን ቀኑን ጠቅሰው እንዲጽፉልኝ እጠይቃለሁ። ቀን ስጽፍ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ወሩን በስሙ እጠራለሁ፤ ለምሳሌ «ከሰኞ የካቲት 3 ሌሊት፣ ለማክሰኞ የካቲት 4 አጥቢያ፤ በአውሮፓውያን ፌብሩዋሪ 11፤ ሌሊቱ ተቆጥሮ ስድስት ሌሊት»። ረዥም ነው፣ ግን አሻሚ አይደለም። ቦታ ቢጠፋ እንግዳው የሚዛወርበት ሆቴል ስሙ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ጄኔሬተሩም ክፍሎቹንና አሳንሰሩን ያበራ እንደሆነ ጠይቁ።

ከተቻለ ደግሞ ጉዞውን በአንድ ሳምንት አዘግዩት። ያንኑ ሆቴል ጉባኤው ካለቀ በኋላ ደውዬ ጠይቄው ነበር፤ ሁሉ ተካቶ 90 ዶላር አሉኝ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ይህንን ጠቅሰን ለደላላው በደብዳቤ ጠየቅን፣ ከፕሮፎርማውና ከባንክ ማስረጃው ቅጂ ጋር። ከብዙ ምልልስ በኋላ የሦስተኛውን ክፍል የሁለት ሌሊት ገንዘብ መለሰ፤ የቀረውን «ተመላሽ የለውም ተባብለናል» ብሎ ያዘው። ስልኩ ዛሬ ይሠራል። በቅርቡ በሌላ ድርጅት የምትሠራ ጓደኛዬ ለጉባኤው ሳምንት የደረሳትን ፕሮፎርማ አሳየችኝ፦ ያው ማኅተም፣ ያው ፎቶግራፍ፣ ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ተቀይሯል። ሁለቱ የመደመር ምልክቶች በቦታቸው አሉ። እርሷ ግን ገና አልከፈለችም።