ባለ 50 ሜትሯ ሜትር እና የቡቺ አጥር

ውሻችን ቡቺ በሦስት ወር ውስጥ አራት ጊዜ ጠፋች። በአራተኛው አጥር ይታጠር ተባለ። ሽቦ ከመግዛቴ በፊት ቤት ባለችው ባለ 5 ሜትር የብረት ሜትር ግቢውን ለካሁ። ሦስቱ ጎን ተደምሮ 47.10 ወጣ። ለማረጋገጥ ስደግመው 46.30 ሆነ። ሦስተኛ አልሞከርኩም፤ ሄጄ ባለ 50 ሜትር የፋይበር ግላስ ሜትር ገዛሁ።

ቢጫ ናት፤ ሣር ውስጥ ወድቃም ትታያለች። ትልቁ ነገር አንዱን ጎን ባንዴ መጨረሷ ነው። በአጭሯ በየ5 ሜትሩ ምልክት እያደረግኩ ነበር የምሄደው፤ በየምልክቱ ጥቂት ሴንቲ ይሸሻል፣ መጨረሻ ላይ ተጠራቅሞ ጉድ ያደርጋል። አሁን ግራ 16.40፣ ኋላ 13.20፣ ቀኝ 16.10፤ በድምሩ 45.70። ፊት ለፊት ቤቱ ራሱ አጥር ነው።

ግን ወጠር ማድረግ ይፈልጋል። ከረገበች ርቀቱን አብዝታ ታነባለች፣ አብዝተው ከሳቧት ደግሞ ትለጠጣለች። እኔ ዳርና ዳር ችካል ተክዬ ሲባጎ ወጠርኩና በሲባጎው ሥር መሬት ለመሬት ዘረጋኋት።

የሚያናድደው ዜሮዋ ነው። የብረቷ ሜትር ዜሮ መንጠቆዋ ላይ ነው። (መንጠቆው ወዲህ ወዲያ ሲል ተበላሽቷል ብዬ በሚስማር ልመታው ነበር። ለካ ሆን ተብሎ ነው፤ የራሱን ውፍረት ያህል እንዲንቀሳቀስ ተደርጎ ነው የሚሠራው።) የዚህችኛዋ ዜሮ ግን ከቀለበቱ ጫፍ 10 ሴንቲ ገባ ብሎ፣ በደቃቅ ጽሑፍ ነው ያለው። ቀለበቱን ችካሉ ላይ አጥልቄ ስለካ ሁሉም ጎን 10 ሴንቲ ጎደለብኝ። ያገኘችው ልጄ ናት፤ «አባዬ፣ ዜሮው እኮ እዚህ ጋ ነው» አለችኝ። ከመለካታችሁ በፊት የእናንተን እዩ።

የቋሚው ሒሳብ ቀላል ነው። በቋሚና በቋሚ መሃል ከ2.50 እንዳይበልጥ ፈለግኩ። ጎን ለጎን እያካፈልኩ ወደ ላይ ሳጠጋጋው 7፣ 6 እና 7 ክፍተት መጣ። ሃያ ክፍተት፣ ሃያ አንድ ቋሚ። ያቺን አንዷን ረስቶ ሃያ መግዛት የተለመደ ነው። ባለ 25 ሜትር ሁለት ጥቅል ሽቦ በቃኝ፤ የ1 ሜትሩ በር ሲቀነስ ለመደራረቢያም ተረፈኝ።

ረጅሟ ሜትር የማታሳያችሁ አንድ ነገር አለ፤ መሬቱ ሜዳ አለመሆኑን። የኋለኛውን ሲባጎ በውሃ ልክ አስተካክዬ በየቋሚው ቦታ በአጭሯ ሜትር ወደ ታች ስለካ፣ ጥጉ ላይ መሬቱ 18 ሴንቲ ወርዷል። ሽቦውን እንደ ሲባጎው ቀጥ አድርጌ ብወጥረው ኖሮ ቡቺ ሆዷን ሳታስነካ ትወጣ ነበር። እዚያ ጋ ሽቦውን መሬቱን ተከትዬ አወረድኩት፣ ጫፉንም ወደ ውስጥ አጥፌ 30 ሴንቲ ያህል ቀበርኩት፤ መቆፈር ትወዳለች።

ጥንካሬዋ? ጭቃ ነክቷታል፣ ዝናብ መቷታል፣ ቁጥሮቿ አልለቀቁም። እጀታዋ ግን ቀሽም ነው፣ ስትጠቀለል መሃል ላይ ትጠማዘዛለች። 9 ሜትር አካባቢ ደግሞ አራት የጥርስ ምልክት አለ። ያ የፋብሪካው ጥፋት አይደለም።