17 ደቂቃዬን ላስመለሱልኝ ሰዓት ሠሪ

የግድግዳ ሰዓቴ በራዲዮ ሞገድ ራሱን የሚያስተካክል ነው። እንዲህ ያለው ሰዓት ይሳሳታል ብዬ አስቤ አላውቅም። በቅርቡ ግን 17 ደቂቃ ወደ ኋላ ቀረብኝ። ድንጋይ ቀየርኩ። መስኮት ሥር አሳደርኩት። ሌሊት ቆጣሪዎቹ ሲሽከረከሩ እሰማለሁ፤ ጠዋት ሳየው ያው 17 ደቂቃ! አንድ ሱቅ ብወስደው «መቀበያው ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዛ» አሉኝ።

በመጨረሻ ወዳጄ ወደ እኚህ ሰዓት ሠሪ ላከኝ። ጋሼ ሰዓቱን ሳይነኩት መጀመሪያ ጠየቁኝ።

«ስህተቱ በየቀኑ ይጨምራል ወይስ ሁሌም 17 ነው?»

«ሁሌም 17።»

ሳቅ አሉ። «እንግዲያው ራዲዮኑ ጤነኛ ነው፣ ልጄ። ሞገድ ያጣ ሰዓት እንደ ተራ ሰዓት ቀስ በቀስ ይዛነፋል እንጂ አንድ ቁጥር ላይ አይረጋም።» ልዩነቱ ድፍን አንድ ሰዓት ቢሆን ኖሮ የሰዓት ቀጠናውን ወይም የበጋ ሰዓቱን (በበጋ ሰዓትን በአንድ ወደፊት የመግፋት ልማድ) ይጠረጥሩ ነበር።

ከጀርባው ያለችውን ቁልፍ ጫን አደረጉ። ቆጣሪዎቹ ዞረው ቆሙ። ሁለቱም 12 ቁጥር ላይ መግጠም ነበረባቸው። የሰዓቷ ልክ 12 ላይ ናት፤ የደቂቃዋ ግን ከ9 ቁጥር ትንሽ ዝቅ ብላ 43 ላይ። «መስታወቱን ከፍተህ ጠርገሃል?» አዎ፣ በጨርቅ! ለካ ያኔ ገፍቻት ኖሯል። የእኔ ሰዓት ማሽን የቆጣሪዋን ጫፍ አያይም፤ የሚያውቀው የውስጥ መዘውሮቹን ጥርሶች አቀማመጥ ብቻ ነው። ነቅለው 12 ላይ መልሰው ሰኳት። አለቀ።

ከቴሌቪዥንና ከኤልኢዲ አምፖል ራቅ አድርጌ እንድሰቅለውም መከሩኝ። የእኔ ሰዓት የሚሰማው ፍራንክፈርት አቅራቢያ ማይንፍሊንገን ያለውን የሰዓት ምልክት የሚያሰራጭ ጣቢያ ነው፣ በ77.5 ኪሎኸርዝ። ሰዓቱን የሚናገረው አንዱ ሙሉ መልእክት አንድ ደቂቃ ይፈጃል፤ መሃል ላይ ጫጫታ ከገባበት ሰዓቱ ሌላ መልእክት መጠበቅ አለበት። ሌሊት የተሻለ ይሰማል። እኔ ደግሞ በየአምስት ደቂቃው ቁልፉን እየነካካሁ ፍለጋውን ከዜሮ አስጀምረው ነበር። አይ ትዕግስት ማጣት!

አዲስ ማሽን ቢሸጡልኝ ኖሮ አምኜ እገዛ ነበር። አላደረጉትም። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ስማቸውን አደባባይ ላይ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ፣ የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ሰዓታችሁ ስንት ደቂቃ እንደሚሳሳት ሁለት ሦስት ቀን መዝግቡ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።