ቡንካርት፣ ቲራና፦ አንድ ፎርማን ከመሬት በታች ያየው

ሕንጻ ሥራ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ፌሮ አስሬአለሁ፣ ካሳፎርማ መትቻለሁ፣ አሁን ፎርማን ነኝ። የትም ብሄድ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ግድግዳ ላይ ነው። አልባኒያ ሄጄ ያየሁት ግድግዳ ግን ከተመለስኩም በኋላ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ስለዚህ ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ቦታው ቡንካርት 1 ይባላል። ከቲራና ከተማ ዳር፣ ከዳይቲ ተራራ ሥር ነው ያለው። የያኔው የአልባኒያ ኮሙኒስት መሪ ኤንቨር ሆጃ በ1970ዎቹ ያሠራው ምሽግ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) የኒውክሌር ጦርነት ቢነሳ እሱና ባለሥልጣናቱ ከነጦር አዛዦቻቸው እንዲገቡበት የታሰበ ነበር። ወደ ታች 5 ፎቅ፣ 106 ክፍሎች። በ2014 ሙዚየም ሆኖ ለሕዝብ ተከፈተ።

አካሄዱን ልንገራችሁ። እኔ ከጣሊያኗ ባሪ የማታውን መርከብ ይዤ ጠዋት የአልባኒያ ወደብ ዱረስ ወረድኩ። ቲራና እንደደረስኩ ለአንድ አስጎብኚ ድርጅት ከፈልኩ። ሰውየው በቀጠሮው አልመጣም፣ ገንዘቤም አልተመለሰም። እናንተ አትልፉ። ከመሀል ከተማ ወደ ሊንዛ የሚሄደው የከተማ አውቶቡስ እዚያው አቅራቢያ ያወርዳችኋል። እኔ 40 ሌክ ነው የከፈልኩት።

የአስጎብኚው መቅረት ደግሞ ጠቀመኝ። አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። በዕድሜ የገፉ ብዙ አልባኒያውያን ጣሊያንኛ ይሰማሉ፤ በዚያ ዘመን የጣሊያን ቴሌቪዥን ተደብቀው እያዩ ነው የለመዱት። እኔም ጣሊያን ስለምሠራ በዚያው ተግባባን። እሳቸው በወታደርነታቸው ዘመን በየአገሩ የተበተኑትን ትንንሽ የኮንክሪት ምሽጎች ሲተክሉ ነው የከረሙት። የምሽጉ አካል ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ ይመጣል፤ ወታደሩ ኮረብታ ላይ አውጥቶ ይገጥመዋል። በዝናብም በበረዶም። ወገባቸውን አሳዩኝ።

"ማንን ነበር የሚጠብቁት?" አልኳቸው።

በጣታቸው ቆጠሩልኝ። "ዩጎዝላቪያን። ግሪክን። አሜሪካንን። ሩሲያን።" አንድ አንድ እያሉ ጣቶቻቸውን አጠፉ። አውራ ጣታቸው ብቻ ቀረች። "ቻይና ወዳጃችን ነበረች" አሉና እሷንም አጠፏት።

መግቢያው ላይ በኮረብታው ሆድ ውስጥ በሚያልፍ ረጅም ዋሻ በእግር ትሄዳላችሁ። ትኬት የሚቆረጠው ከዚያ ወዲያ ነው። ቀጥሎ ወፍራም የብረትና የኮንክሪት በሮች አሉ፣ አንዱን ስታልፉ ሌላው ይጠብቃችኋል። ከበሮቹ ኋላ ከጨረርና ከመርዝ ጋዝ ለመንጻት የተዘጋጀ መታጠቢያ አለ። የአየር ማጣሪያ ማሽኖቹ የተተከሉበትም ክፍል አለ። ኮሪደሮቹ ጠባብ ናቸው። አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። በሐምሌም ቢሆን ጃኬት ያዙ።

እኔ ግድግዳውን እየዳሰስኩ ነው የሄድኩት። ሥራው ጥሩ ነው። ጥግ ጥጉን አየሁ፣ ጠርዞቹን አየሁ። ኮንክሪቱን ያፈሰሱት ሰዎች ሙያቸውን ያውቁ ነበር። ይሄ ነው ያሳዘነኝ። እንዲህ ያለ እጅ ያላቸው ሠራተኞች ያን ሁሉ ዓመት ትምህርት ቤትና መኖሪያ ቤት ቢሠሩበት ብዬ ደጋግሜ አሰብኩ።

የሆጃን ክፍል ሁሉም ፎቶ ያነሳዋል። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ስልክ፣ በእንጨት መሳይ ሰሌዳ የተለበጠ ግድግዳ። ከላይ ካለው ኮንክሪት ብዛት አንጻር ስታዩት ተራ ነገር ነው። እኔን የያዘኝ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የመህመት ሼሁ ክፍል ነው። ሼሁ ከሆጃ ጎን ለአሥርት ዓመታት የቆየ ሰው ነው። በታኅሣሥ 1981 ሞተ፤ መንግሥት ራሱን አጠፋ አለ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካም የሶቭየትም የዩጎዝላቪያም ሰላይ ነበር ተባለ። የሦስቱም! ቦምብ ቢወድቅ ከሆጃ ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ እንዲተርፍ ክፍል የተሠራለት ሰው ነው እንዲህ የተባለው።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ፤ ሙዚየሙ የሚተርከው ታሪክ የሚጀምረው ከጣሊያን ወረራ ነው። የሙሶሊኒ ጦር አልባኒያ የገባው ሚያዝያ 7 ቀን 1939 ነበር። ንጉሥ ዞግ ተሰደደ። ከዚያ በኋላ የጣሊያኑ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ሣልሳዊ ማዕረጉ "የጣሊያንና የአልባኒያ ንጉሥ፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት" ሆነ። ይህን የሚያነብ ሰው እዚያ ስቆም ምን እንደተሰማኝ ይገባዋል። ትንሽ አገር ለምን ትፈራለች ብሎ መጠየቅ አልቻልኩም።

እንግዲህ ዋናው ነገር ወዳጅነቱ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የመጀመሪያዋ ወዳጅ ዩጎዝላቪያ ነበረች። መሪዋ ቲቶ አልባኒያን ጠቅልሎ ከራሱ ጋር የመቀላቀል ሐሳብ ነበረው። በ1948 ቲቶና የሶቭየቱ መሪ ስታሊን ሲጣሉ ሆጃ ከስታሊን ጋር ቆመ። ምዕራባውያኑም አርፈው አልተቀመጡም። ከ1949 ጀምሮ እንግሊዝና አሜሪካ ያሠለጠኗቸውን ስደተኞች በባሕርና በፓራሹት እያስገቡ መንግሥቱን ለመጣል ሞክረዋል። ከገቡት ብዙዎቹ ተይዘዋል ወይም ተገድለዋል። ፍርሃቱ ከባዶ አልመጣም ማለት ነው። ሆጃን ዝም ብሎ እብድ ነው ብሎ ማለፍ የማልቀበለው ለዚህ ነው።

በ1955 ሶቭየት የምትመራው የጦር ኅብረት፣ የዋርሶ ቃል ኪዳን፣ ሲመሠረት አልባኒያ መሥራች አባል ሆነች። ሶቭየቶች ቭሎራ አጠገብ ፓሻ ሊማን በሚባለው ወደብ ሰርጓጅ መርከቦቻቸውን አቆሙ። ለሞስኮ ሜዲትራኒያን በር ላይ እግር መትከያ ማግኘት ቀላል ነገር አልነበረም። ከዚያ ከስታሊን በኋላ የመጣው የሶቭየት መሪ ክሩሽቼቭ ስታሊንን አወገዘ፣ ከቲቶ ጋርም ታረቀ። ሆጃ ይህን አልዋጠውም። በ1961 ተለያዩ። ከ12 ሰርጓጅ መርከቦች ሶቭየቶች 8ቱን ይዘው ሄዱ፣ 4ቱ አልባኒያ እጅ ቀሩ። እኔ ስለ መርከቦቹ ብዙ አሰብኩ። ሳይት ላይ አንድ ማሽን ቆሞ መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ ስንጠብቅ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። እዚህ ግን መለዋወጫው ያለው የተጣላኸው ሰው ቤት ነው። ሙዚየሙ ስለዚህ ጉዳይ የተለየ ሰፊ ክፍል ቢኖረው ግማሽ ቀን እቆይበት ነበር።

ቀጥላ ቻይና መጣች። እህል ላከች፣ መሣሪያ ላከች፣ መሐንዲሶች ላከች። ኤልባሳን ውስጥ ትልቁ የብረት ፋብሪካ የተተከለው በቻይና እርዳታ ነው። አልባኒያም ውለታዋን መልሳለች፤ በ1971 ቤጂንግ የተባበሩት መንግሥታት ውስጥ የቻይናን መቀመጫ እንድታገኝ ፊት ሆና የተሟገተችው እሷ ነበረች። ይሁን እንጂ በየካቲት 1972 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ቤጂንግ ገባ። ሆጃ የወዳጁ ወዳጅ አሜሪካ ልትሆን ነው ብሎ ቅር አለው። በሐምሌ 1978 ቻይና እርዳታዋን አቋረጠች፣ ባለሙያዎቿንም አስወጣች።

በመሀል 1968 አለ፤ እኔን ከሁሉ ያስገረመኝ እሱ ነው። በነሐሴ የዋርሶ አባል አገሮች ጦር የቼኮዝሎቫኪያ ዋና ከተማ ፕራግ ገባ። የራሳቸውን አባል አገር ነው የወረሩት። በመስከረም አልባኒያ ከቃል ኪዳኑ በይፋ ወጣች። በዚያ ዘመን ይህን ማድረግ የቻለች ሌላ አገር አልነበረችም። ምክንያቱን ለማወቅ ካርታ ማየት ይበቃል። አልባኒያ ከየትኛውም የዋርሶ አባል አገር ጋር ድንበር አትጋራም ነበር። የሶቭየት ታንክ በመሬት ልድረስባት ካለ በዩጎዝላቪያ ወይም በግሪክ ማለፍ ነበረበት። ሆጃ ቀን ከሌት የሚሰድበው ቲቶ ነበር እንግዲህ ግድግዳ የሆነለት። በኮንክሪት ከተሠሩት ምሽጎች ሁሉ ይልቅ አገሪቱን የጠበቃት ይህ የጠላት ጎረቤት መሬት ይመስለኛል። ግሪክም ብትሆን ከ1940 ጀምሮ በወረቀት ላይ ያለውን የጦርነት ሁኔታ ያነሳችው በ1987 ነው። ግን አልዘመተችም።

የ1976ቱ ሕገ መንግሥት የውጭ ጦር ሰፈርንም የውጭ ብድርንም ከለከለ። አገሪቱ ብቻዋን ቀረች። ብቻዋን ስትቀር በሲሚንቶ ተማመነች። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የምሽጎቹ ቁጥር 173,371 ነው። እዚያው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ በስልኬ አሰላሁት። የአገሪቱ ስፋት 28,748 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 6 ምሽግ ማለት ነው። ያኔ ሕዝቧ ከ2 ሚሊዮን ተኩል ብዙም አይበልጥም ነበር። ለ15 ሰው አንድ ምሽግ ይደርሳል። ለእያንዳንዱ ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ማጓጓዣ፣ የሰው ጉልበት። ሕዝቡ በጠባብ አፓርታማ ተጨናንቆ በሚኖርበት ዘመን። የመከላከያ ሚኒስትሩ በቂር ባሉኩ ደግሞ ሤራ ጠንስሰሃል ተብሎ በ1975 ተገደለ። ከውጭ የሚጠበቀው ጠላት ሳይመጣ፣ አገሪቱን ይጠብቁ የነበሩት ሰዎች እያለቁ ነበር።

ከትልልቆቹ ጋር መጣላቱ ላይ ሆጃን አልፈርድበትም። ሶቭየት ፕራግ ላይ ያደረገችውን አይቶ መውጣቱ ትክክል ነበር፤ ይህን በድፍረት እላለሁ። የምፈርድበት ዋጋውን ማን እንደከፈለ ሳስብ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ያገኘኋቸው ሽማግሌ በወገባቸው ከፍለዋል።

አልባኒያ በሚያዝያ 2009 ኔቶ ገባች። ኩቾቫ የሚባለው አየር ኃይል ሰፈር ታድሶ በመጋቢት 2024 ለኔቶ አውሮፕላኖች ተከፈተ። ኩቾቫ በሆጃ ዘመን ስሟ "የስታሊን ከተማ" ነበር። አልባኒያ አሁን አንዱ አባል ሲጠቃ ሁሉም እንደተጠቃ ይቆጠራል የሚል ስምምነት ውስጥ ናት። ከጥቃት የሚከልላት የኒውክሌር ኃይል ዛሬም በሌላ አገር እጅ ነው። ቢሆንም ልግባ ብላ ጠይቃ ነው የገባችው፣ ልጆቿም ኮረብታ ላይ ኮንክሪት አይሸከሙም። ለእኔ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ለምትሄዱት፦ ሦስት ሰዓት መድቡ። ደረጃው ብዙ ነው፤ ጉልበት የሚያማችሁ ቀስ በሉ። ጽሑፎቹ በአልባኒያኛና በእንግሊዝኛ ናቸው። ታች ያለውን ትልቁን የስብሰባ አዳራሽ ሳታዩ አትውጡ። ወንበሮቹ ላይ ቁጭ ብላችሁ ዝም በሉ፤ ጸጥታው ጆሮ ይይዛል። ጊዜ ያጠራችሁ ከሆነ መሀል ከተማ ቡንካርት 2 አለ። እሱ 24 ክፍል ነው፣ ስለ ሲጉሪሚ፣ ማለትም ስለ ደኅንነት ፖሊሱ ነው የሚያወራው። ጥሩ ነው፤ ግን ስለ አገሪቱና ስለ ኃያላኑ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ተራራው ሥር ይሂድ።

ስወጣ ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ። ወደ ዳይቲ የሚወጣው ኬብል ካር ከዚያ ቅርብ ስለሆነ ትኬት ቆርጬ ገባሁ። ከፍ እያልን ስንሄድ ወደ ታች አየሁ። ከዛፎቹ መሀል ግራጫ ክብ ነገር ታየኝ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ። አንዱ ጉልላት ላይ ፍየሎች ቆመውበታል። ሽማግሌው የተከሉት ይሆን እያልኩ፣ ዛፉ ጥቅጥቅ ብሎ እስኪሸፍናቸው ድረስ ቆጠርኩ።