የፓሪስ ፔቲት ሴንቱር፦ ጋሪ ለምትገፉ

ሞግዚት ነኝ። ስለዚህ የመናፈሻ ቦታ የምመዝነው በአበባው አይደለም። ጋሪ ያስገባል ወይ? ጥላ አለው? ልጁን ለቅቄ ትንሽ መተንፈስ እችላለሁ? በዚህ ሚዛን ፓሪስ ውስጥ የሚስተካከለው ያላገኘሁለት ቦታ ፓርክ እንኳን አይደለም። የተዘጋ የባቡር መስመር ነው።

ፔቲት ሴንቱር ይባላል። የከተማዋን ዳር ዳር ይዞ የሚዞር 32 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር ነው። ከ1852 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየክፍሉ ተሠራ። መጀመሪያ በዋናነት ለዕቃ ነበር፤ ሰው መጫን በኋላ መጣ። የዓለም ኤግዚቢሽን በተካሄደበት በ1900፣ 39 ሚሊዮን ገደማ መንገደኛ አመላልሷል። ጉዱ ግን እዚያው ዓመት ላይ ነው፤ ሜትሮ ሥራ የጀመረው ያኔ ነው። ሜትሮው መሃል ከተማ ያደርሳል፣ ይሄኛው ዳር ዳሩን ይዞራል። ማን ይሳፈርበት? በ1934 ለመንገደኛ ተዘጋና በምትኩ አውቶቡስ ገባ። የዕቃ ባቡር ግን ከዚያ በኋላም ለአሥርት ዓመታት ሲመላለስበት ኖሯል።

እኔ የማዘወትረው 15ኛው ወረዳ ያለውን ክፍል ነው። ከባላር አደባባይ እስከ ኦሊቪየ ደ ሴር መንገድ፣ 1.3 ኪሎ ሜትር ገደማ። ለእግረኛ የተከፈተው በ2013 ነው። አብዛኛው ከመንገዱ ከፍ ብሎ ስለሚሄድ ግራና ቀኛችሁ የሰው ፎቅ መስኮት ነው። ሰው ቡናውን ይዞ ያያችኋል፣ እናንተም ታዩታላችሁ። (መጀመሪያ ያሳፍራል፣ ከዚያ ይለመዳል።) መሄጃው ደልዳላ ነው፤ ጋሪ አያንገጫግጭም። አሳንሰርም አለው። ለእኛ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

ሐዲዱን ግን አልነቀሉትም። አንድ ቀን ባቡር ይመለስ ቢባል መንገዱ እንዳይዘጋ ተብሎ፣ ከተማዋና የመስመሩ ባለቤት የሆነው የባቡር ድርጅት የተስማሙት እንደዚያ ነው። ይመለሳል ብዬ አላምንም። ስምምነቱ ግን ይባረክ! ባቡር የሚያልፍበት ሐዲድ አናቱ ያብለጨልጫል። ይሄ ከዳር እስከ ዳር ዝገት ነው፤ በጣት ሲነካ ቡናማ ዱቄት ይይዛል። ከሥሩ የተጋደሙት ወፋፍራም እንጨቶች ተሰነጣጥቀው በየስንጥቁ ሣር በቅሎባቸዋል። ፀሐይ ሲወጣ እንሽላሊት ብረቱ ላይ ተዘርግታ ትሞቃለች። ልጁ ጠጋ ሲል ሹልክ ብላ ጠጠሩ ውስጥ ትገባለች። ለሦስት ዓመት ልጅ ከዚህ የበለጠ መጫወቻ ከየት ይመጣል? እጄን ይዞ ሐዲዱ ላይ እየተንገዳገደ ይሄዳል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል። ያንን ሱሪ የሚያጥበው ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

16ኛው ወረዳ ውስጥም ሌላ ክፍል አለ፤ የድሮው የኦቴይ መስመር። እዚያ ባቡሩ ከሌላው ክፍል በተለየ እስከ 1985 ሰው ሲያመላልስ ቆይቷል። ጥላው ጥሩ፣ ዛፉ ብዙ፣ ጸጥታው የሀብታም ሰፈር ጸጥታ። ሐዲዱን ግን ነቅለውታል። ማንም ካልነገራችሁ ባቡር ያለፈበት መሆኑን አታውቁም። ሰፈራችሁ ከሆነ ሂዱበት። እኔ ግን ለእሱ ብዬ ከተማ አላቋርጥም።

ቅሬታዬን ደግሞ ልናገር። አንድ ቀን መውጫው ጋ ስደርስ አሳንሰሩ ቆሟል። አይሠራም የሚል ወረቀት እንኳን አልተለጠፈም። ጋሪ፣ የተኛ ልጅ፣ ቦርሳ፣ ደረጃ! አንድ ጎረምሳ «ማዳም፣ ላግዝዎት?» ብሎ የፊቱን ጎማ ባያነሳልኝ እዚያው ነበር የምቀረው። ከዚያ ወዲህ የሚታጠፈውን ቀላሉን ጋሪ ነው የምይዘው። እናንተም እንደዚያ አድርጉ። መግቢያዎቹም በቀላሉ ዓይን አይገቡም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ካርታ ላይ አይታችሁ ውጡ።

ጣቢያዎቹን ማየት የፈለገ 18ኛው ወረዳ ወደ ድሮው ኦርናኖ ጣቢያ ይሂድ። ዛሬ ላ ሬሲክለሪ የሚባል ምግብ ቤት ነው። በትልልቁ መስኮት ሐዲዱን ቁልቁል እያዩ ይበላሉ፤ ሐዲዱ ዳር ዶሮ ያረባሉ። ልጅ ያለው ሰው ዶሮ ሲያይ ግማሽ ቀኑ እንደተገላገለለት ይገባዋል።

ያልተከፈተው ክፍል ውስጥ አጥር ዘለው የሚገቡ ወጣቶች አሉ። ክልክል ነው፤ ዋሻውም ጨለማ ነው። ለእኛ አይሆንም።

ጉዞውን ከባላር ጀምሩት። እንዲህ ከሆነ የምትጨርሱት ዦርዥ ብራሰንስ ፓርክ አጠገብ ነው። መስመሩ ከዚያ በኋላ በፓርኩ ሥር ዋሻ ይገባል፤ ልጁ ግን ከላይ መጫወቻ ቦታ ያገኛል። በሩ ሲመሽ ይዘጋል፤ ሰዓቱም እንደ ወቅቱ ይለያያል። ስትገቡ የተጻፈውን አንብቡ፣ በተለይ በብርዱ ወራት።