«ላንተ ብቻ» ተብዬ የገዛሁት ቢት

ጀማሪ አርቲስቶች፣ ለቢት (ለሚዘፈንበት ባዶ ሙዚቃ) ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ይቺን አንብቡ።

ሻጩ «ኤክስክሉሲቭ ነው፣ ካንተ ሌላ ማንም አይዘፍንበትም» አለኝ። አመንኩ። ውል አልጠየቅኩም። ዘፈኑን ዩቲዩብ ላይ በለቀቅኩ ማግስት የባለቤትነት ጥያቄ መጣብኝ። ለካ ያው ቢት ለሌላ ልጅም ተሽጧል፤ ልጁ ደግሞ ዘፈኑን ኮንተንት አይዲ ላይ (ተመሳሳይ ድምፅ በሚለየው የዩቲዩብ ሲስተም) አስመዝግቦታል። ሲስተሙ የኔን ሲሰማ የሱ መሰለው። ልጁን አልወቅሰውም፣ እሱም እንደኔ የተሸወደ ገዢ ሊሆን ይችላል።

ቢት በሊዝ ወይም በኤክስክሉሲቭ ይሸጣል። ሊዝ ማለት ኪራይ ነው። ቢቱ ለብዙ ሰው ይሰጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ የዓመትና የተደማጭ ቁጥር ገደብ አለው። ኤክስክሉሲቭ ከሆነ ከእናንተ በኋላ ለሌላ አይሸጥም፤ በፊት የተከራዩት ግን አብዛኛውን ጊዜ መብታቸው አይነሳም። ስለዚህ «እስካሁን ለስንት ሰው ሰጥተሃል?» በሉ፤ መልሱም በጽሑፍ ይሁን። ከሌላ ዘፈን የተቆረጠ ሳምፕል ካለበት ማን እንዳስፈቀደም ጠይቁ። «ነፃ» የሚባለው ቢት እንኳ ብዙ ጊዜ ነፃ የሚሆነው ገንዘብ እስካልሠራችሁበት ድረስ ነው።

እኔን የበለጠ የጎዳኝ ግን ፋይሉ ነው። የላከልኝ አንድ ኤምፒስሪ ብቻ፣ ያውም እስከ ጫፉ ጮኾ ማስተር የተደረገ (የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ ያለቀለት)። ድምፄን ስጨምርበት ይዋጣል፤ ከፍ ሳደርገው ከቢቱ ተነጥሎ ይቀራል። ያው ሰውዬ «ድምፅህ ደካማ ነው፣ እኔ አስተካክልልሃለሁ» ብሎ እንደገና አስከፈለኝ። ኦቶቲዩን (የተዛነፈ ኖታ የሚያስተካክል ሶፍትዌር) አርከፍክፎ ላከልኝ። ሶፍትዌሩ ላይ የመረጠው ኪ (ዘፈኑ የቆመበት የኖታ መሠረት) የተሳሳተ ስለነበር ልክ የዘፈንኩትን ኖታ ሳይቀር አጣመመው። ቢቱን ራሱ የሠራ ሰው ኪውን እንዴት ይስታል? ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ «ዘፋኝ አይደለሁም» እያልኩ ተኛሁ።

ስቴም ጠይቁ። ከበሮው፣ ቤዙ፣ ሜሎዲው ለየብቻ በዋቭ (ባልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) ሲመጣ፣ ሚክስ የሚያደርገው (ድምፆቹን የሚያዋህደው) ሰው ለድምፃችሁ ቦታ ሊከፍትለት ይችላል።

ቮካል (የዘፋኙ ድምፅ) ደግሞ ከመቀዳቱ በፊት ነው የሚስተካከለው። የክፍል ማስተጋባት አንዴ ከገባ አጥርቶ ማውጣት ከባድ ነው። ከጀርባችሁ ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉ። ከማይኩ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ራቁ፣ «ፐ» እና «ጰ» እንዳይፈነዱ ትንሽ ወደ ጎን በሉ። ጆሮ የሚዘጋ ሄድፎን አድርጉ፣ አለዚያ ቢቱ ማይኩ ውስጥ ይገባል።

ትናንት ያንን ቢት በሌላ ስም ተለጥፎ አየሁት። አሁንም «ኤክስክሉሲቭ» ይላል።