ባናን “ባና” ብላ የተየበችልኝ የጠባሴዋ ልጅ

ደብረ ብርሃን ጠባሴ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር፣ ፕሪንተርና ኮፒ ማሽን ይዛ የምትሠራ ልጅ አለች። በሯ ላይ “ጽሑፍ፣ ኮፒ፣ ጥረዛ” ከሚል በቀር ሌላ ስም የለም። እኔ ደብረ ሲና አማርኛ አስተምራለሁ። 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ፣ ዳገቱን ወጥቼ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፌ እሷ ዘንድ የምሄደው ደብረ ሲና ላይ ኮምፒውተር ጠፍቶ አይደለም። ልብ ወለድ ጽፎ የሚያስተይብለት ሰው ለቸገረው ይጠቅማል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

የምጽፈው ከፊልም ተነሥቼ ነው። ብዙ ሰው ያላያቸውን ፊልሞች እወዳለሁ፤ ፊልሙ ሲያልቅ ባለታሪኩ ወዴት ሄደ የሚለው ነገር እንቅልፍ ይነሣኛል። ከሁሉም አጥብቆ የያዘኝ የኃይሌ ገሪማ “ምርት ሦስት ሺህ ዓመት” ነው። በአብዮቱ ግርግር ወቅት በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ፣ በ1968 ዓ.ም. የወጣ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚወስድ ፊልም ነው። በባለመሬቱ ማሳ ላይ ሲለፋ የሚውለው የጭሰኛ ቤተሰብ፣ ላም አድናለሁ ብላ ውኃ የወሰዳት ልጅ፣ መሬቱን ተቀምቶ እብድ የተባለው ሰው ዛሬም ዓይኔ ላይ ናቸው። መጨረሻ ላይ አንድ እረኛ ልጅ ከጭነት መኪና ኋላ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። እዚያ ላይ ያበቃል። አዲስ አበባ በአንድ አዳራሽ ካየሁት አሥር ዓመት ሆኖኛል፤ አሥሩንም ዓመት ያ ልጅ የት ወረደ ስል ኖሬያለሁ።

እኔ ጣርማ በር ላይ አወረድኩት። ከወሎ በኩል የሚመጣው መኪና ደብረ ሲናን አልፎ ዳገቱን ሲወጣ፣ ዋሻው ውስጥ ጨለማ ይውጠዋል፤ ከጨለማው ሲወጣ ደግሞ ጉም ይጠብቀዋል። ልጁ ጉሙን የከተማ ጭስ መስሎት ይወርዳል። ከዚያ ወደ መንዝ ያቀናል። 63 ገጽ ሆነ፤ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል፤ ሁሉም በእጅ የተጻፈ ነው።

መጀመሪያ የወሰድኩት ሌላ ቦታ ነበር። የት እንደሆነ አልናገርም፤ የሠራው ልጅ ለክፋት አላደረገውም። ግን የማያውቀውን ቃል ሁሉ “አርሞ” ሰጠኝ። “ባና ደርቦ ወጣ” ያልኩት “ቡና ደርቦ ወጣ” ሆነ። “ጓሳ ሊያጭዱ ወጡ” ያልኩት “ጓዳ ሊያጭዱ” ሆነ። የጓሳውን ሣር የሚያስጠብቀውን አባ ቄራ “አባ ቄሱ” አደረገው። ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ልብስ ነው፤ ለብሶት ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ጓሳ ደግሞ ለመንዝ ሰው የቤት ክዳኑም ገመዱም የሆነ ሣር ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የጻፍኩት ልጅ እንደገና የተሰደደ መሰለኝ። በዚያ ላይ ፋይሉ ፓወር ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ስለተሠራ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ፊደሉ ጠፍቶ ዝብርቅርቅ ምልክት ብቻ ሆነ።

የጠባሴዋ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ምንም አልተየበችም፤ አነበበች። አሥር ገጽ ያህል አንብባ፣ “እትዬ፣ ቃሎቹን እንዳሉ ልተዋቸው አይደል?” አለችኝ። አገሯ መሐል ሜዳ፣ እዚያው መንዝ ውስጥ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ያላወቀችውን ቃል አትነካም፤ በእርሳስ ከሥሩ ታሰምርበትና ስመጣ ትጠይቀኛለች። እኔ “ሠራዊት” ብዬ በንጉሡ ሠ፣ “ሐዘን” ብዬ በሐመሩ ሐ የጻፍኩትን እንዳለ ትጠብቃለች። አራት ነጥቡን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ እየመታች አታስመስልም፤ ራሱን አራት ነጥቡን ነው የምታስገባው። የምትሠራው በዩኒኮድ ነው፤ ፋይሉን በቴሌግራም ልካልኝ በስልኬም በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተርም ያለ እንከን ተከፍቷል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ድርሰቱን ለጓደኛ ልኮ ባዶ ሳጥን የደረሰው ሰው ግን ዋጋውን ያውቃል።

ዘጠነኛው ቀን ላይ ደወለችልኝ። “እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጁ መንዝ ደርሶ የአንድ ጌታ ጭሰኛ ይሆናል ብለዋል። የእኛ ሰው እኮ ባለርስት ነው የሚባለው። አያቴ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ርስት ሲቆጥሩ ነው የሰማሁት።” ዝም አልኩ። ልክ ነበረች። የፊልሙን ባለመሬት ተሸክሜ ሄጄ መንዝ ላይ አስቀምጬው ነበር፤ የመንዝ የመሬት ሥርዓት ግን በዋናው የዘር ርስት ነው። ከፊልም ተነሥቶ የሚጽፍ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የወደደውን ታሪክ ሌላ አገር ሲያሰፍር ያገሩን ሕግ ይረሳል።

እንዳትቀጥል ነገርኳትና መካከለኛውን ክፍል እንደ አዲስ ጻፍኩት። አሁን ልጁ ጓሳ ሜዳ ላይ ይደርሳል። ያን ያህል ሣር ሳይታጨድ ቆሞ ሲያይ “ጌታው ማነው?” ብሎ ይጠይቃል። ጌታ የለውም፤ የባለርስቶቹ የጋራ ነው፤ ቄሮ የሚባለው ሥርዓት ይጠብቀዋል፤ አንዳንዴ ሦስትም አምስትም ዓመት ተዘግቶ ይከርማል፤ የሚከፈተው በአባ ቄራው ነው ይሉታል። ከጭሰኛ ቤት የመጣ ልጅ ይህን መስማቱ ከፊልሙ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር አስቡት። ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ይመጣል፤ የገጠር መሬት የሕዝብ ይሆናል። ልጁ የአባቱ ቀንበር ወደቀ ብሎ ዘሎ ሳይጨርስ፣ ያው አዋጅ ቄሮንም አብሮ አስቀርቶት ሣሩ ጠባቂ አጥቶ ሲታጨድ ያያል። ደስታውና ሐዘኑ በአንድ ቀን ሆነ። ይህን ክፍል ያገኘሁት በዚያች ልጅ የስልክ ጥያቄ ነው።

ሌላም ነገር አስባልኛለች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ “ከፊልሙ ተነሥቶ የተጻፈ፣ ለሽያጭ ያልሆነ” የሚል እንድናስገባ ሐሳቡን ያቀረበችው እሷ ናት። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ሥራን አዛምዶ የመሥራትን መብት ለባለሥራው ነው የሚሰጠው። እኔም የምፈልገው አምስት ቅጂ ነበር፤ ለአራት ጓደኞቼና ለራሴ። ፋይሌን ፊቴ ላይ ፍላሹ ላይ ገልብጣ ሰጠችኝና “ከእኔ ዘንድ ይጥፋ ወይስ ይቆይ?” ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ጥያቄ ከሌላ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

የማትወዱት ነገርም አለ። በሳምንት ይደርሳል ተብዬ አሥራ ሁለት ቀን ፈጅቷል፤ ሦስቱን ቀን ያስቆመው የእኔ ማስተካከያ ነው፤ የቀረው መብራት ነው። ጄኔሬተር የላትም፤ መብራት ሲጠፋ በሯን ዘግታ ትሄዳለች፤ ስለዚህ ከሩቅ የምትመጡ ሳትደውሉ አትነሡ። የፕሪንተሩ ቀለም ከ40ኛው ገጽ በኋላ ፈዘዝ ብሎብኝ ነበር፤ ስነግራት ሳታንገራግር እንደገና አተመችልኝ። የጥረዛው ፕላስቲክ ስስ ነው፤ አንዱ ቅጂ ወር ሳይሞላው ተሰንጥቋል። ጠንከር ያለ ሽፋን ከፈለጋችሁ ራሳችሁ ገዝታችሁ ውሰዱላት፤ ቅር አይላትም።

ዋጋው በገጽ 25 ብር ነው፤ የእጅ ጽሑፉ ካስቸገራት 30። እንደገና የጻፍኩትን ክፍል ግማሽ ዋጋ ብቻ አስከፈለችኝ፤ እኔ ሙሉውን ልክፈል ብዬ ተሟግቼ አልተሳካልኝም። የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ የተማሪዎች ኮፒ ይበዛባታል፤ ልብ ወለድ የምታነበው ጠዋት ነው። በወረቀቱ ዳርና ዳር ሰፊ ባዶ ቦታ ተዉላት፤ በእርሳስ የምትጠይቅበት ያስፈልጋታል።